በፖስታ ሳይሆን በአደራ የመጣው ኮምፒውተር

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና የምታፈሉ አፍሉ፤ መንገድ ላይ ያላችሁ ደግሞ ማታ ቤት ስትገቡ አንብቡት።

ሰሞኑን ከሰቆጣ አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ላፕቶፕ ሊገዛ ነው። "ቲቸር፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ በቴሌግራም ለጥፎ አየሁ። ብሩን በቴሌብር ላክልኝና በመኪና እጭንልሃለሁ ይላል። ልመነው?" አለኝ። ጥያቄው አጭር ነው። እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝና አጭር መልስ አላውቅም። ልመልስለት ስጀምር የ1994 ዓ.ም. ሳጥን ትዝ አለኝ። ስለዚያ ሳጥን ደግሞ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ። ዛሬ እናገራለሁ። ግን እንደ ልማዴ ከሩቅ ልጀምር፤ ሳጥኑ ብቻውን ቢነገር አይገባችሁም። (የፈረንጁን ዘመን "እ.ኤ.አ." እያልኩ እለያለሁ።)

ዕቃውን ሳያዩ፣ ሻጩን ሳያውቁ፣ ገንዘብ በፖስታ ልኮ ዕቃ በፖስታ መቀበል አሜሪካ ውስጥ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የሚባል ነጋዴ ቺካጎ ላይ ተቀምጦ የዕቃና የዋጋ ዝርዝር የያዘች አንዲት ወረቀት አሳተመና ለገበሬዎች በተናት። ገበሬው እስከዚያ ድረስ በአቅራቢያው ያለ ባለሱቅ በጠራው ዋጋ ነበር የሚገዛው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ዋርድ "ዕቃው ካላረካችሁ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ" ማለት ጀመረ። ከእሱ በኋላ ሲርስ መጣ። የሲርስ ካታሎግ እየወፈረ ሄዶ ከልብስ መስፊያ መኪና አልፎ ተገጣጣሚ ቤት እስከ መሸጥ ደረሰ። አዎ፣ ቤት! እንጨቱና ምስማሩ ተቆጥሮ በባቡር ይላክ ነበር።

ልብ በሉ ታዲያ፤ ነጋዴው ይህንን ብቻውን አላደረገውም። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ደብዳቤ ገጠር ድረስ በነፃ ማድረስ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ ፖስታ ቤቱ ጥቅል ዕቃ መቀበልና ገበሬው ደጅ ድረስ ማድረስ ያዘ። ስለዚህ በፖስታ ለመግዛት አራት ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው፦ ዕቃውን የምታይበት ካታሎግ፣ ገንዘብህን የምታስተላልፍበት መንገድ፣ ዕቃው የሚደርስበት አድራሻ፣ ቢበላሽ ደግሞ የሚጠየቅ አካል። አራተኛውን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የግል ኮምፒውተርም ወደ ዓለም የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የሚባል መጽሔት ሽፋኑ ላይ አልቴር 8800 የተባለ ሳጥን ይዞ ወጣ። የሠራው በኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ ከተማ የነበረው ሚትስ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ነው፤ ባለቤቱ ኤድ ሮበርትስ ይባላል። ከ400 ዶላር ያነሰ ገንዘብ ትልካለህ፣ ክፍሎቹ በካርቶን ይመጡልሃል፣ ራስህ በየዳህ ትገጣጥማለህ። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፤ ከፊቱ የተደረደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎችና ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች ብቻ። ማስታወሻው 256 ባይት ነበር። ዛሬ በምንጽፍበት ዘዴ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ አልቴር የሚችለው 85 ፊደል ብቻ ነው።

ሮበርትስ ጥቂት መቶ ሰው ቢያዝዘኝ ብሎ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ትእዛዝ ዘነበበት። ሰዉ ገንዘቡን ልኮ ወራት ጠበቀ። "ኮምፒውተሬ የት ደረሰ?" ብሎ እዚያው አልበከርኪ ድረስ የሄደም አለ። ቢል ጌትስና ፖል አለን ማይክሮሶፍትን የመሠረቱት ለዚህ ሳጥን የሚሆን ፕሮግራም ጽፈው ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፦ ፎቶ እንዲነሳ ወደ ኒው ዮርክ የተላከው የመጀመሪያው አልቴር መንገድ ላይ ጠፋ። ሽፋኑ ላይ የምናየው ለፎቶ ተብሎ የተሠራ ባዶ ሳጥን ነው። በፖስታ የሚሸጠው ኮምፒውተር ታሪኩ የሚጀምረው ጭነት ላይ በመጥፋት ነው እንግዲህ። መንገድ የሚያጠፋው የእኛን ዕቃ ብቻ አይደለም።

ያ መጽሔት በወጣበት ወር እኛ አገር ምን ይሆን ነበር? ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችንና የኢንሹራንስ ድርጅቶችን ወረሰ። ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር እየወጡ ነበር። እዚያ ወጣቱ ሳጥን ሲበይድ፣ እዚህ ወጣቱ መሠረተ ትምህርት ለማስተማር መንገድ ላይ ነው። አንዱን ከአንዱ ለማበላለጥ አይደለም የምለው፤ ዘመኑ አንድ፣ ጉዳዩ ሁለት መሆኑን ለማሳየት ነው።

ከዚያ በኋላ ንግዱ ገነነ። እንግሊዝ አገር ሲንክሌር የሚባለው ኩባንያ ዜድ ኤክስ 80 የተባለችውን ትንሽ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1980 ከ100 ፓውንድ ባነሰ በፖስታ ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1984 ማይክል ዴል የሚባል የ19 ዓመት ተማሪ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1,000 ዶላር ሥራ ጀመረ፤ ደንበኛው ስልክ ይደውላል፣ የሚፈልገውን ይናገራል፣ በልኩ ተገጣጥሞ ይላክለታል። በዓመቱ ደግሞ አዮዋ ውስጥ ከአንድ የከብት እርባታ ቤት ጌትዌይ 2000 ተነሣ። የዚህኛው ካርቶን እንደ ላም ቆዳ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነበር። የሰቆጣ ሰው ቢያየው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ትታለባለች?" ብሎ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ፖስታ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎትን ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ቴምብሮቹ ፓሪስ ታተሙ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 1908) ነው። አሜሪካ ገበሬው ደጅ ጥቅል ማድረስ ከመጀመሯ በፊት መሆኑን ልብ በሉ። በወረቀት ላይ አልዘገየንም። ልዩነቱ የመጣው ከፖስታ ቤቱ በር ወዲያ ነው። እኛ ዘንድ ፖስታ ቤት ድረስ አንተ ትሄዳለህ እንጂ ፖስታ ወደ አንተ አይመጣም። ሳጥን ቁጥር ያለው ሰው ሄዶ ይከፍታል፤ የሌለው በመሥሪያ ቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ሳጥን በኩል ይጠብቃል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብለህ ዕቃ ማዘዝ አይታሰብም ነበር።

ዋግ ደግሞ ያለ ፖስታም ዕቃ ማመላለስ ያውቅበታል። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰቆጣ ትልቅ የአሞሌ ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ የወጣው ጨው እዚህ ተራግፎ ወደ ሌላው አገር ያልፋል። ሲራራ ነጋዴው የራሱን ብቻ አይጭንም፤ የሰው አደራም ይጭናል። "ይህንን አድርስልኝ፣ በዋጋው ይህንን ገዝተህ አምጣልኝ" ይባላል። ደረሰኝ የለም። ያለው ስሙ ነው። "አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው" የሚለው ተረት ከዚህ ዓይነት ኑሮ የወጣ ይመስለኛል። አደራ የበላ ሰው ገበያ ላይ ፊቱን አያሳይም፤ ልጁን የሚድርለትም አያገኝ።

እንግዲህ 1994 ዓ.ም. ላይ ደረስን።

ያኔ ሰቆጣ አስተምር ነበር። ፈተና የምናዘጋጀው በስቴንስል ነው፤ በጽሕፈት መኪና ትመታለህ፣ በማባዣ ታባዛለህ፣ እጅህ በቀለም ይጠቁራል። አንድ ፊደል ከተሳሳትክ ያችን ቀይ ማረሚያ ቀብተህ እስክትደርቅ ትነፋለህ። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ከልብስ ጋር ጠቅልላ የላከችው አንድ የኮምፒውተር መጽሔት እጄ ገባ። ግማሹ ማስታወቂያ ነው፦ የስልክ ቁጥር፣ ዋጋ፣ ሥዕል። አምስት መምህራን ሆነን በየሻይ ሰዓቱ እናገላብጠዋለን። ካታሎጉ መጣ ማለት ነው። አንደኛው ተሟላ።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ዶላር ያኔ 8 ብር ከ50 ገደማ ነበር፤ ብሩ ቢኖርህም ዶላሩን አግኝተህ ውጭ ላለ ነጋዴ መላክ የመምህር ጉዳይ አይደለም። ክሬዲት ካርድ የሚባለውን በፊልም ነው የምናውቀው። ስለዚህ አምስታችን ዕቁብ ጣልን። የአክስቴ ልጅ "እኔ እዚህ እከፍላለሁ፤ እናንተ ብሩን ለእናቴ ስጡልኝ" አለች። ብሩ ለአክስቴ ቤት ቆርቆሮ ሆነ። የሰቆጣ ቆርቆሮና የአሜሪካ ኮምፒውተር እንዲህ ተለዋወጡ፤ አንዲት ሳንቲም ድንበር ሳትሻገር።

እሷ ስልክ ደወለችና አዘዘች። በአምስተኛው ቀን ሳጥኑ ደጇ ደረሰ። ሥራ ላይ ስለነበረች አድራሹ በሩ ላይ አስቀምጦት ሄደ። "እስክመለስ ማንም አልነካውም" ብላ በስልክ ስትነግረኝ ከሳጥኑ ይልቅ እሱ ገረመኝ። ከደጇ እስከ ሰቆጣ ግን አምስት ወር ፈጀ። በፖስታ እንዳትልከው ክፍያው የትየለሌ ነው፤ ቀረጡም ያስፈራል። እና ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ተፈለገ። ስክሪኑ ከባድ ስለሆነ ቀረ፤ እሱን አዲስ አበባ ልንገዛ ተስማማን። ዋናው ሳጥን ከአንድ መንገደኛ ሻንጣዎች እንደ አንዱ ተቆጥሮ ቦሌ ገባ። ከዚያ አንድ ዘመድ አልጋ ሥር ሁለት ወር ተኛ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ ያመጣው አንድ ተማሪዬ ነበር። ስሙን አልጠራም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በክረምት ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ "ቲቸር እኔ አመጣዋለሁ" አለ። ፖርቶ መጋላ ላይ ላስጭነው ብሎ አላሰበም። ከኪሱ ለሳጥኑ ወንበር ገዛለት! ደሴ አድሮ፣ ወልድያ አድሮ፣ ከአላማጣ የግራካሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ ኮረም ደረሰ። ከኮረም ወዲያ አይሱዙ ነው የተገኘው። ሐምሌ ነው፣ ጭቃ ነው። ስክሪኑን እህል ጆንያ መሃል አስቀምጦ ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ ይዞ መጣ። ሲወርድ እግሩ ደንዝዞ መቆም አቅቶት እንደነበር አይረሳኝም።

በማግስቱ ተሰበሰብን። መምህራኑ አሉ፣ ለእረፍት ያልሄዱ ተማሪዎች አሉ፣ የጥበቃው ሽማግሌም አሉ። መብራት ያኔ ይመጣል ይሄዳል፤ የመጣች ሰዓት ሳታመልጠን ብለን ተቻኮልን። ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከላይ ቀይ ጽሑፍ ያለባት አንዲት ወረቀት ነበረች። እንግሊዝኛ አውቃለሁ እኮ፤ ግን ሰው ሁሉ ቆሞ እያየኝ ቁጭ ብዬ ወረቀት ላንብብ? ወደ ጎን አደረግኳት። ገመዱን ሰካሁ። ማብሪያውን ተጫንኩ።

ጧ! አለ። ከኋላው ጭስ ወጣ። የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዱ "መንገዱ ነው" አለ። ሌላው "አይሱዙው አናውጦት ነው" አለ። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። "አልወደቀብኝም፤ እምላለሁ አልወደቀብኝም" አለ። እኔ ያኔ ምክንያቱን አላውቅም ነበርና ዝም አልኩ። ይህ የመጀመሪያው ዝምታ ነው፤ በእሱ አልጠየቅም።

ነሐሴ ላይ ሳጥኑን ደሴ ወስጄ ለአንድ ባለሙያ አሳየሁት። ባለሙያው አልከፈተውም። አዞረና ከኋላው ያለችውን ቀይ ተንሸራታች ማብሪያ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረጋት። "ይቺን አይታችኋል?" አለኝ። 115 ትላለች። አሜሪካ የቤት መብራት 110 ምናምን ቮልት ነው፤ የእኛ 220። የዚያ ዘመን ፓወር ሰፕላይ ማብሪያዋ 115 ላይ ከሆነች "የሚመጣው ኃይል ዝቅተኛ ነው" ብሎ እጥፍ አድርጎ ያስገባዋል። በእኛ 220 ላይ ይህንን ስታደርግ ውስጥ ያሉት ኮንደንሰሮች አይችሉትም፤ ይፈነዳሉ። ማብሪያዋን በጥፍር ወደ 230 ገፋ ማድረግ ነበር፤ ሌላ ምንም። ያች ቀይ ጽሑፍ ያለባት ወረቀት የምትለውም ይህንኑ ነበር። ሰቆጣ ተመልሼ አነበብኳት።

ፓወር ሰፕላዩ ተቀየረ፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነበር። ለባልደረቦቼ "ተቃጥሎ ነበር፤ አስቀይሬዋለሁ" አልኳቸው። በምን ተቃጠለ? አልተናገርኩም። አልጠየቁኝም። ይህ ሁለተኛው ዝምታ ነው።

ኅዳር ላይ የልጁ አባት ከዝቋላ በእግራቸው መጡ። ኽምጠኛ ነው አፋቸው የፈታበት፤ አማርኛውን እየመረጡ በቀስታ ይናገራሉ። "መምህር፣ ልጄ የሰው አደራ አበላሽቷል ሲሉ ሰማሁ። እሱ አልጣልኩም ይላል፤ ልጅ ነውና ላይገባው ይችላል። ሁለት ፍየል ሸጬ መጥቻለሁ። ይቅር በሉት" ብለው የተቋጠረ ብር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ከጎኑ ደግሞ አንድ ቅል ማር።

ብሩን አልተቀበልንም። አምስታችንም ተነሥተን "በእግዜር አባታችን፣ ይመልሱት፤ ዕቃው ድኗል፣ የእሱ ጥፋት ቢሆንም ምንም አይደለም" አልናቸው። "የእሱ ጥፋት ቢሆንም" ሲባል አፌን አልከፈትኩም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው፦ "አባቴ፣ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።" የአምስት ሰው ዕቁብ ነበር። መምህር ነበርኩ። ተማሪዎቼ ፊት መመሪያ ያላነበበ መምህር መሆን አፈርኩ። ማሩን ግን ተቀበልን። የዋግ ማር ነጭ ነው፤ ታውቁታላችሁ። በላነው።

ታሪክ አስተማሪ ነኝና ይህንን ነገር ብዙ ጊዜ አገላብጬዋለሁ። ሞንትጎመሪ ዋርድ "ካላረካችሁ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ" ሲል የሠራው ትልቅ ነገር ዕቃ መሸጡ አይመስለኝም። ጥፋቱን ከሰው ትከሻ ላይ አንሥቶ ድርጅት ላይ መጫኑ ነው። ዕቃው ሲሰበር ገበሬው ከፖስተኛው ጋር አይጣላም፤ ቺካጎ ይጽፋል። የአልቴር የመጀመሪያ ሳጥን ሲጠፋ ማንም ፍየል አልሸጠም። የእኛ መንገድ ግን ከአሜሪካ እስከ ሰቆጣ ሙሉ በሙሉ በሰው የተሠራ ነበር። ያምራል፤ አልክድም። አምስት ሰው ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ክፍያ፣ ለማያውቁት መምህር ብለው ተሸክመውታል። ችግሩ እንዲህ ያለው ሰንሰለት ሲበጠስ ዕዳው የሚወድቀው በጣም ደካማው ቀለበት ላይ መሆኑ ነው። ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ ይዞ የመጣው ልጅ ላይ።

ኮምፒውተሩስ? ብዙ ሠራ። ከእናንተ ውስጥ የመጀመሪያ ስማችሁን በእሱ ላይ የጻፋችሁ አላችሁ። ግን ይህም ቢሆን በነፃ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ከካታሎግ የተገዛው ሳጥን ሀ ሁን አያውቅም ነበር። ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡት በአብዛኛው በስደት ያሉ የእኛው ሰዎች ናቸው። ቀደም ሲል ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን አማርኛ እንዳስተማሩት ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ አቶ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች አሜሪካ ላይ ሆነው የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ሠሩ። ዶክተር አበራ እንኳ ሙያቸው የእንስሳት ሕክምና ነው! እኛ ፈተና የምንጽፈው በፓወር ግዕዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን 345 ምልክት ይዞ ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ፣ ከሱቅ የተገዛ ኮምፒውተር ምንም ሳይጫንበት አማርኛ ማንበብ ቻለ። ይህ ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ በአራት ማዕዘን ሳጥን ፋንታ በፊደል የሚታያችሁ በእነዚያ ሰዎች ድካም ነው።

በዚያው እ.ኤ.አ. 2007 ኅዳር ላይ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አንድ የተለየ የፖስታ ሽያጭ ነበር። 399 ዶላር የከፈለ ሰው ለሕፃናት ከተሠራችው አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ አንዷ ለእሱ ትላካለች፣ ሌላዋ ድሃ አገር ላለ ልጅ ትሄዳለች። በሺህ የሚቆጠሩት ኢትዮጵያ ገብተዋል። ሐሳቡ ደግ ነበር። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር የሚታየኝ እዚያ ያለው ልጅ ማዘዣ ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ መቀበሉ፣ እዚህ ያለው ግን ተመርጦለት መቀበሉ ነው። ማዘዝና መታደል ለየቅል ናቸው። ያዘዘ ሰው ቅር ሲለው ይመልሳል፤ የታደለ ሰው አመስግኖ ይቀመጣል።

ዛሬስ? ብዙ ነገር ተለውጧል። ካታሎጉ ቴሌግራም ላይ ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ብር በደቂቃ ይደርሳል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅም ወጥቷል፤ ቁጥር 1205/2012 ነው። ከአራቱ ሁለቱ ሊሟሉ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ዋግ ያለ መብራት፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ባንክ የከረመበትን የምታውቁ ደግሞ "ሊሟሉ ነው" የምለው በጥንቃቄ መሆኑ ይገባችኋል። አድራሻው ግን አሁንም "መናኸሪያ ስትደርስ ደውል" ነው። ዋስትናው አሁንም የሾፌሩ ስልክ ቁጥር ነው። ያ ልጅ ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ ይዞ አሁንም አይሱዙ ላይ ተቀምጧል።

ይህንን ከመለጠፌ በፊት ደወልኩለት። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ የልጆች አባት ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ቀይዋን ማብሪያ፣ ወረቀቷን፣ ማሩን። ብዙ ዝም አለ። "ቲቸር፣ እኔማ ሁለተኛ ዓመት ላይ ኮምፒውተር ክፍል ስንገባ ያችን ማብሪያ አይቼ ገብቶኝ ነበር" አለኝ። "ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" ስለው "መምህሬ ነዎት እኮ" አለ። ቀጥሎ ያለኝን እንደወረደ እጽፈዋለሁ፤ ፈቅዶልኛል። "ለእኔ ባይነግሩኝም ግድ የለኝም። ለአባቴ ቢነግሩት ግን ጥሩ ነበር። እስኪሞት ድረስ መኪና ላይ ዕቃ ስጭን ባየ ቁጥር 'የሰው ከሆነ ተው' ይለኝ ነበር።"

አባቱ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። ይቅርታ የምጠይቅበት በር ተዘግቷል። ቢያንስ ያኔ ክፍሉ ውስጥ ቆማችሁ ልጁን ያያችሁ ሁሉ ይህንን አንብቡ፦ አልወደቀበትም። ከአዲስ አበባ ሰቆጣ ድረስ አንድ ጭረት ሳይነካው አምጥቶታል። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ለጠየቅከኝ ልጅ ደግሞ መልሴ ይኸው። ሻጩን "ዕቃው ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?" ብለህ ጠይቀው። "እኔ" ካለና ስሙን፣ ሱቁን፣ ደረሰኙን ከሰጠህ ግዛ። "ሾፌሩ" ካለህ ተወው። ሲደርስህ ደግሞ የቱንም ያህል ሰው ቆሞ ቢያይህ፣ መብራቱም ሊሄድ ቢሆን፣ ቁጭ ብለህ መጀመሪያ ወረቀቷን አንብብ።